ቅርንጫፍና ፍሰት፦ ከመተማ ሙጫ እስከ ቀለጠ ፕላስቲክ

በመተማና በአካባቢው ቆላ ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ በግዙፍ ሞለኪውሎች፣ ማለትም በፖሊመር የተሠራ ነው። ሆኖም ከድብልቁ ክብደት ሩቡን ቢይዝ እንኳ ውሃው በቀላሉ ይፈስሳል። ከሴሉሎስ የሚሠሩ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ግን ከመቶ 2 እጅ ብቻ ሆነው ውሃውን ያወፍሩታል። ምክንያቱ፣ የግራር ሙጫ ሞለኪውል ቅርንጫፎቹ ብዙና አጫጭር በመሆናቸው እንደ ኳስ ተሰብስቦ ከጎረቤቱ ጋር እምብዛም ስለማይጠላለፍ ነው።

ቅርንጫፉ ቢረዝምስ? መልሱን በቀለጠ ፕላስቲክ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1971 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን፣ ረጅም ሰንሰለት በመሰናክሎች መካከል እንደ እባብ እየተሳበ እንደሚጓዝ በሒሳባዊ ሞዴል አስረዱ። በዚህ ሞዴል የሰንሰለቱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የቅልጡ ዝልግልግነት 8 እጥፍ ይሆናል፤ በሙከራ የተለካው ደግሞ 10 እጥፍ ገደማ ነው። ረጅም ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ግን እንዲህ ሊሳብ አይችልም፤ ለመንቀሳቀስ ቅርንጫፉን አስቀድሞ ወደ ራሱ መሰብሰብ ይኖርበታል። ስለዚህ ቅርንጫፉ በረዘመ ቁጥር ዝልግልግነቱ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ፖሊኤቲሊን ለፌስታል በአየር ሲነፋ ሳይበጠስ እንዲለጠጥ የሚረዱትም እነዚሁ ረጃጅም ቅርንጫፎች ናቸው።

እንግዲህ የፍሰትን ጠባይ የሚወስነው የሞለኪውሉ ግዝፈት ብቻ ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ብዛትና ርዝመትም ነው። የግራር ሙጫ ለለስላሳ መጠጥና ለማተሚያ ቀለም ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ፈሳሹን ሳያወፍር በብዛት ሊጨመር መቻሉ ነው።