ከወደቁ በኋላ በእርጥብ መንገድ መንዳት፦ ፊዚክስ ስለ ሰበቃና ስለ ፍርሃት ምን ይላል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ከተማ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የርብን ወንዝ አቋርጦ ወደ አዲስ ዘመን ያመራል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይወጣል። በዙሪያው የተንጣለለው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዝ የሚበቅልበት ይህ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍም ብዙ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል።

በእንዲህ ያለ አገር ሞተር ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ወደ ማሳ፣ የጤና ባለሙያዋ ክትባት ይዛ ወደ ቀበሌ፣ ነጋዴውም ወደ ገበያ ይሄዱበታል። ሥራው ደግሞ ዝናብ ጣለ ተብሎ አይቆምም። ስለዚህ በእርጥብ መንገድ ላይ ወድቆ የዳነ ሰው ያንኑ መንገድ እንደገና መጋፈጡ አይቀርም። ወዳጅ ዘመድ ከሁለት አንዱን ይመክረዋል፤ ወይ «አይዞህ፣ በርታ» ይለዋል፣ ወይም «ሁለተኛ እንዳትነካው» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር የመነጩ ቢሆኑም በጎማውና በመንገዱ መካከል ምን እንደተፈጠረ አይናገሩም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመረምራለን። ከመውደቁ በፊት ነጂው እርጥቡን መንገድ እንደ ደረቅ ቆጥሮት ይሆናል፤ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ጨርሶ እንደማይዝ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ግምቶች ስሕተት መሆናቸውን፣ እውነተኛው መጠንም ሊለካ እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ውኃ ምን ይወስዳል? ምንስ ይተዋል?

አንድ የሞተር ጎማ መንገዱን የሚነካው በመዳፍ ሊሸፈን በሚችል ስፋት ብቻ ነው። ፍጥነት ስንጨምር፣ ስንታጠፍም ሆነ ስንቆም የሚያስፈልገን ጉልበት በሙሉ በዚህች ጠባብ ቦታ ያልፋል። ይህም ጉልበት ሰበቃ ይባላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 እንዳስረዳው የሰበቃ ጉልበት ሁለቱን ገጾች ከሚያጣብቃቸው ጭነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። የሰበቃውን ጉልበት ለጭነቱ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር የሰበቃ ምጣኔ ይባላል።

ጎማ መንገድን የሚይዘው በሁለት ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ዘዴ የጎማው ገጽ ከጠጠሩ ገጽ ጋር በጣም ተቀራርቦ ይጣበቃል። በሁለተኛው ደግሞ ለስላሳው ጎማ በሻካራው ጠጠር ላይ ሲጫን ይሰረጎዳል፤ ወደ ቅርጹ ሲመለስም ስለሚዘገይ እንቅስቃሴውን የሚቃወም ጉልበት ይፈጠራል። ዝናብ ሲዘንብ በመካከል የሚገባው ስስ የውኃ ሽፋን የመጀመሪያውን ዘዴ በእጅጉ ያዳክመዋል። ሆኖም የጠጠሩ ጫፎች ሽፋኑን ቀድደው ስለሚያልፉ ሁለተኛው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በደረቅ አስፋልት ላይ 0.8 ገደማ የሆነው የሰበቃ ምጣኔ በእርጥብ አስፋልት ላይ ከ0.4 እስከ 0.6 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ሰበቃን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ይህ ግን ለሁሉም ገጽ አይሠራም። ለስላሳ ብረት፣ በመንገድ ላይ የተቀባ ቀለም፣ ከእርሻ በወጡ ከብቶችና ጋሪዎች አስፋልቱ ላይ የተጣለ ጭቃ፣ እነዚህ ሁለቱንም ዘዴዎች ያሳጣሉ። ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብም የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት ለውሶ መንገዱን ያሟልጨዋል፤ ዝናቡ ጠንክሮ ከቆየ በኋላ ግን አስፋልቱ ስለሚታጠብ ይዞታው ይሻሻላል። ስለዚህ «ዝናብ ነው» ከማለት ይልቅ «የትኛው ገጽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው የመቆሚያ ርቀት እንዲህ ይሰላል። በሜትር በሰከንድ የተገለጸውን ፍጥነት በራሱ እናባዛለን፤ ውጤቱንም 2 × 9.8 × የሰበቃ ምጣኔ ለሚሰጠው ቁጥር እናካፍላለን።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 16.7 ሜትር የሚጓዝ ሞተር በደረቅ መንገድ (0.8) ለመቆም 17.7 ሜትር ይበቃዋል። በእርጥብ መንገድ (0.4) ግን 35.4 ሜትር ያስፈልገዋል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት በሁለቱም ላይ 16.7 ሜትር ይጨመራል። አሁን ፍጥነቱን ወደ 42 ኪሎ ሜትር እናውርደው። በእርጥብ መንገድ የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት 17.4 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ የአንዱ ሰከንድ ጉዞ ሲጨመርበትም 29 ሜትር ይሆናል። በደረቅ መንገድ በ60 ለሚሄደው ግን ድምሩ ከ34 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በዝናብ በ42 የሚጓዝ ሰው በጸሐይ በ60 ከሚጓዘው ባጠረ ርቀት ይቆማል ማለት ነው። ሰበቃው በግማሽ ቢቀንስም ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ አላስፈለገም፤ ርቀቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ በሦስት አሥረኛ ገደማ መቀነሱ በቅቷል።

መታጠፍም ከዚያው ሰበቃ ይከፈላል። ምጣኔው 0.4 በሆነበት መንገድ ላይ 0.3 ያህሉን ለፍሬን ካዋልነው፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት ለመታጠፍ የሚተርፈን 0.26 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእርጥብ መንገድ ፍጥነት የሚቀነሰው ወደ ኩርባው ከመግባት በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

ፍርሃት ሰውነትን ምን ያዝዘዋል?

አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ሳያስበው ሦስት ልማዶች ያድሩበታል። ሦስቱም ጥንቃቄ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ግን ለሁለተኛ አደጋ ያጋልጣሉ።

የመጀመሪያው የፊት ፍሬንን መሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የታተመውና በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የተመራው ጥናት 900 ያህል የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሮ ነበር። ጥናቱ እንዳመለከተው አብዛኞቹ ነጂዎች በአደጋው ሰዓት የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ሲያንሸራትቱ፣ የፊቱን ግን በሚገባ አልተጠቀሙበትም። ይህ ምን ያህል ያስከፍላል? ክብደቱ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል የተከፈለ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.6 ሜትር የሚርቅ፣ በጎማዎቹ መካከል 1.3 ሜትር ያለው ሞተር እንውሰድ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የኋላ ጎማው ይቀልላል። በእርጥብ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሁለቱንም ፍሬኖች በአግባቡ የያዘ ነጂ በ16 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ የኋላውን ብቻ የያዘ ግን 37 ሜትር ያስፈልገዋል። የ21 ሜትር ልዩነት መንገድ የሚሻገርን ከብት ለማዳን ወይም ለመግጨት ይበቃል። በእርግጥ የፊት ፍሬን በድንገት ከተጨበጠ ጎማው ይቆለፋል፤ የተቆለፈ የፊት ጎማም መሪውን አይታዘዝም። መፍትሔው ፍሬኑን መተው ሳይሆን ክብደቱ ወደ ፊት እስኪያርፍ ድረስ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መጭመቅ፣ ጎማው መንሸራተት ከጀመረም ወዲያው ላላ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ክንድን ማደንደን ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል መሪው በራሱ ወደዚያው ጎን በመዞር ሚዛኑን ይመልሳል። የዴልፍትና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎችን ተመራማሪዎች ያሰባሰበ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት ይህ ባሕርይ ከተሽከርካሪው አጠቃላይ ንድፍና ከክብደቱ አደላደል እንደሚመነጭ አሳይቷል። በፍርሃት መሪውን አንቆ የያዘ ክንድ ይህንን ተፈጥሯዊ እርማት ያግዳል። ጉልበቶች ታንኩን ይጨብጡ፤ ክርኖች ግን ይላሉ።

ሦስተኛው ዓይንን የፊት ጎማው ሥር መትከል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በየሰከንዱ 11 ሜትር ይሄዳል። አምስት ሜትር ብቻ ወደ ፊት የሚያይ ነጂ ያየውን ነገር ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደርስበታል፤ ይህ ደግሞ ለመወሰን አይበቃም።

ፍርሃት እንዴት ይለዝባል?

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ እንዳሳየው አእምሮ አብረው የሚመጡ ነገሮችን ያቆራኛል። የወደቀ ሰው አእምሮም የዝናብን ድምፅ፣ የሚያብለጨልጭ አስፋልትንና ሕመምን በአንድነት ያስራል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ብቻውን ልብን ያስመታል። ይህ የፈሪነት ምልክት ሳይሆን የጤነኛ አእምሮ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰውየው ዝናብን በሸሸ ቁጥር አእምሮው «ሸሽቼ ዳንሁ» እያለ ቁርኝቱን ያጠብቀዋል። ያለ አደጋ በተደጋጋሚ መለማመድ ደግሞ በአሮጌው ትውስታ ላይ አዲስ ይደርብበታል፤ አሮጌው ባይጠፋም ይዳከማል። አዲሱ ትምህርት በተማሩበት ቦታ ላይ የመታሰር ጠባይ ስላለው ልምምዱ በተለያዩ ቦታዎች መደረግ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት መንዳት የለበትም። ቅዠቱና ድንጋጤው ከአንድ ወር በላይ የዘለቀበትም የባለሙያ እርዳታ መሻት ይገባዋል። ሞተሩም መመርመር አለበት። የተጣመመ የፊት ሹካ ወይም የተዛባ ጎማ ሞተሩን እያዋለለ ሳለ ነጂው ጥፋቱን በራሱ ፍርሃት ያላክካል። መካኒኩ መሪውን፣ ሹካውንና ፍሬኑን፣ ጎሚስታው ደግሞ የጎማውን ጥርስና ንፋስ ይዩለት።

በሜትር የሚለካ ልምምድ

ቀጥሎ የምናቀርበው ልምምድ በቤተ ሙከራ የምንከተለውን ሕግ ይከተላል፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሰውና ተሽከርካሪ የማይተላለፍበት ቀጥ ያለ ጠንካራ ቦታ ይመረጣል፤ የራስ ቁር፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ይደረጋል፤ ረዳት የሚሆን ሰውም ይገኛል። ፍሬን የሚያዝበት ቦታ በድንጋይ ምልክት ይደረግበታል።

መጀመሪያ በደረቅ ቀን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ሁለቱንም ፍሬኖች በዝግታ በመጭመቅ አሥር ጊዜ ይቆማል፤ ርቀቱም በሜትር ይመዘገባል። ቀጥሎ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቦታው እርጥብ ሲሆን ይደገማል። እርጥቡን ከለመዱ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 30 ከፍ ይላል። ሰፊ ኩርባ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው። ልብ መምታት ሲበረታ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ እንጂ በግድ መግፋት አያስፈልግም።

ምዝገባው ለምን ይጠቅማል? በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 5.56 ሜትር ነው፤ ካሬው 30.9 ይሆናል። ሞተሩ በ4 ሜትር ከቆመ፣ 30.9 ለ(2 × 9.8 × 4) ሲካፈል 0.39 ይሰጣል። ይህ ነጂው በዚያ መንገድ ላይ ለፍሬን የተጠቀመበት የሰበቃ ምጣኔ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ርቀቱ ወደ 3.5 ሜትር ቢያጥር ቁጥሩ ወደ 0.45 ያድጋል። የፍጥነት መለኪያው ጥቂት ሊያሳስት ቢችልም፣ በዚያው ሞተርና በዚያው ቦታ የተገኙ ቁጥሮችን ማነጻጸር ይቻላል። «አሁን ደፈርሁ» ከሚል ስሜት ይልቅ እንዲህ ያለ ቁጥር ይታመናል።

ዋልካው ሲሆንስ?

ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ሩዝ ማሳው የሚገባ ሰው ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። የፎገራ ገበሬ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ሸክላ የበዛበት በመሆኑ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ቅንጣቶቹ እንደ ስስ ገበታ የተነባበሩ ናቸው፤ ውኃ በመካከላቸው ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። እዚህ ላይ የጎማው ጥርስ ጠጠር አያገኝም፤ ጭቃውም ጥርሱን ደፍኖ ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳያቋርጡ፣ በዝግታ መሄድ ይሻላል። የፊት ፍሬን በጣም በስሱ ካልሆነ አይነካም። ካልሆነም ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። መንገድ አቋርጦ የሚፈስ ጎርፍ ከሆነ ደግሞ የሚደረግ ስሌት የለም፤ እስኪጎድል ይጠበቃል። በራሱ የሚተማመን ነጂ የሚነዳበትን ብቻ ሳይሆን የማይነዳበትንም ቀን ያውቃል።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ ያሰፈርነውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥሮች እንድትሞክሩት እንጋብዛለን። በየቤታችሁና በየሠፈራችሁ ከወደቀ ወዲህ ሞተሩን ሸራ ያለበሰ ሰው ካለ፣ ፍርሃቱን ከመንቀፋችሁ በፊት ሜትርና ወረቀት ይዛችሁ ከሜዳው ዳር ቁሙለት፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቁጥሮች እናንተ መዝግቡለት።