ያውቁ ኖሯል? መለኪያው ብሩን አያየውም

ሁለት የብር ሽቦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ በባትሪ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ቤታቸው «ኮሎይዳል ሲልቨር» የሚያዘጋጁ ሰዎች መጠኑን የሚለኩት ብዙውን ጊዜ እስክሪብቶ በምታክል የውሃ መለኪያ፣ በቲዲኤስ ሜትር ነው። መስኮቷ ላይ 10 ፒፒኤም ሲነበብ በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም ብር ያለ ይመስላል። የለም!

መሣሪያዋ ብርን ከሌላው ለይታ አታውቅም። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ብቻ ነው፤ ያንኑ ለጨው በተዘጋጀ ስሌት ወደ ፒፒኤም ትቀይረዋለች። የሟሟው የብር አዮን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይቆጠራል፤ ኮሎይድ የሚያሰኘው ደቃቅ የብር ቅንጣት ግን ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ቁንጥር ጨው ጣል ቢደረግበትማ፣ ብር የሚባል ያልነካው ውሃ እንኳ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ትክክለኛውን መጠን የሚያሳውቀው እንደ አቶሚክ አብዞርፕሽን ያለ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ስታን ጆንስ፣ እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ተዛብተው አንቲባዮቲክ ይጠፋል ብሎ ሰግቶ፣ በምትኩ ቤቱ የሠራውን ኮሎይዳል ሲልቨር ሲጠጣ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተለወጠ። አርጂሪያ ይባላል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። መለኪያው ምንም ቢያሳይዎ፣ እባክዎ አይጠጡት።