የታመመው ዓሣው ነው ወይስ ውኃው? ቤታ ዓሣን በቤት ውስጥ ስለ ማስታመም

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል ያገራችን ሰው። ዓሣን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑሮ በሕይወት ማቆየት ግን ከመብላቱ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። ቤታ በመባል የሚታወቀው፣ እንደ ሐር ጨርቅ የሚወዛወዙ ረጃጅም ክንፎች ያሉት ትንሽ ዓሣ «በጠባብ ዕቃ መኖር ይችላል» ስለሚባልለት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይሸጣል። ወደ ቤት ከተወሰደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ክንፎቹ ይታጠፋሉ፤ መብል ይተዋል። ባለቤቱም መድኃኒት ፍለጋ ይሯሯጣል። ይህ ጽሑፍ ከመድኃኒቱ በፊት መመርመር የሚገባው ውኃው መሆኑንና ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ይሞክራል።

አየር የሚተነፍስ ዓሣ

የቤታ የትውልድ አገር ታይላንድ ነው። ቤታ ስፕሌንደንስ የተሰኘውን ሳይንሳዊ ስም እ.ኤ.አ. በ1910 ያወጣለት እንግሊዛዊው የዓሣ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሬገን ነው። ታይላንዳውያን «ፕላ ካት»፣ ማለትም «ተናካሽ ዓሣ»፣ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም ብሔራዊ የውኃ እንስሳቸው አድርገውታል። በተፈጥሮ የሚኖረው በሩዝ ማሳዎች፣ በረግረግና ዝግ ብሎ በሚፈስ ሞቃት ውኃ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ቤታ ከስንጥቡ በተጨማሪ ላቢሪንት የተባለ የመተንፈሻ አካል አለው። ወደ ውኃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይጎርስና በደም ሥሮች በተሞላው በዚህ አካል አማካይነት ኦክስጅን ይወስዳል። በአገራችን ሐይቆች የሚገኘው አምባዛም ተመሳሳይ ተግባር የሚያከናውን አካል አለው።

ቤታ በጠባብ ዕቃ ይኖራል የሚለው እምነት የመነጨው ከዚህ ችሎታው ነው። ይሁን እንጂ ላቢሪንት የኦክስጅንን እጥረት እንጂ የውኃን መመረዝ አይከላከልም። የሩዝ ማሳ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ስፋቱ ብዙ ነው፤ ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻም በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ይበረዛል። በአንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ ግን ቆሻሻው የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ለአንድ ቤታ ከ10 ሊትር ያላነሰ፣ ቢቻል 20 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልገዋል።

የማይታየው መርዝ

ዓሣ ከምግቡ ፕሮቲን የሚያስወግደው ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ይወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው አሞኒየም የተባለው ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ አዮን ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀላሉ ወደ ዓሣው ሰውነት ዘልቆ የሚገባውና ስንጥቡን የሚያቆስለው ነጻ አሞኒያ ነው። የሁለቱን መጠን በዋናነት የሚወስነው የውኃው ፒ ኤች ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ፣ ፒ ኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነጻ አሞኒያ ነው። ፒ ኤች 8 ሲሆን ይህ ከ5 በመቶ በላይ ይሆናል፤ 9 ሲደርስ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በገንዳው ጠጠርና በማጣሪያው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ናይትሮሶሞናስ የተባሉት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትሮስፓይራ የተባሉት ደግሞ ናይትራይትን ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጣሉ። በመካከል የሚፈጠረው ናይትራይት ራሱ መርዝ ነው፤ ከሄሞግሎቢን ጋር ተዋሕዶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው በቂ እስኪሆኑ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይፈጃል። ዓሣው ተገዝቶ ወዲያው በሰፈረበት ገንዳ ውስጥ የሚታመመውም በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም።

ምልክቶቹ ምን ይናገራሉ?

ዓሣው ወደ ላይ እየወጣ የሚያለከልክ፣ ስንጥቡ የቀላ ወይም ያለ ዕረፍት የሚርገበገብ ከሆነ በቅድሚያ አሞኒያና ናይትራይት ሊጠረጠሩ ይገባል። የክንፎቹ ጠርዝ ከጠቆረ ወይም ከቀላና እየተሸረፈ ከሄደ የክንፍ መበስበስ ነው፤ በሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዘወትር በውኃ ውስጥ የሚገኙ ሲሆኑ፣ የሚያጠቁት ግን በአብዛኛው አስቀድሞ የተዳከመውን ዓሣ ነው።

በቆዳው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ ኢክ የተባለው በሽታ ነው። መንሥኤው አንድ ሕዋስ ያለው ጥገኛ ሲሆን፣ ከቆዳው ሥር ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም፤ ሊገደል የሚችለው ተራብቶ አዲስ ዓሣ ፍለጋ በውኃው ውስጥ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቦቹ እንደ ጠፉ ሕክምናውን ማቋረጥ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከነጥብ ይልቅ ወርቃማ ብናኝ በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚታይ ከሆነ ደግሞ ቬልቬት የተባለ ሌላ ጥገኛ ነው።

ሆዱ ተነፍቶ ሚዛኑን ጠብቆ መዋኘት ያቃተው ዓሣ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ የበላ ነው። ሆዱ አብጦ ቅርፊቶቹ ወደ ውጭ ከቆሙ ግን ኩላሊቱ ሥራውን ለማከናወን እንዳልቻለ ያመለክታል፤ ከዚህ ደረጃ የሚድኑት ጥቂቶች ናቸው።

የማስታመሙ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው እርምጃ ውኃውን መመርመርና በከፊል መቀየር ነው። በሊትር 4 ሚሊ ግራም አሞኒያ ካለበት ውኃ ግማሹ ቢቀየር 2፣ በማግሥቱም ግማሹ ቢቀየር 1 ሚሊ ግራም ይቀራል፤ ዓሣው በየዕለቱ የሚጨምረው ሳይዘነጋ። ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር የቆየ ውኃ ግን አሲዳማ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለው ውኃ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒየም፣ ፒ ኤቹ ከፍ ያለ ውኃ በብዛት ሲጨመርበት በድንገት ወደ ነጻ አሞኒያ ይለወጣል። ስለዚህ አሮጌው ውኃ ጥቂት በጥቂት፣ በተከታታይ ቀናት ሊቀየር ይገባል። የቧንቧ ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ለ24 ሰዓት ሲቀመጥ ነጻ ክሎሪኑ ይተናል፤ ክሎራሚን ካለበት ግን ሶዲየም ታዮሰልፌትን የመሰለ ማስወገጃ ያስፈልጋል። ማጣሪያው የሚታጠበውም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እንጂ በሳሙናና በቧንቧ ውኃ አይደለም፤ አለበለዚያ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ለቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ በተለይ በክረምት፣ የክፍል ውስጥ ውኃ ከዚህ በእጅጉ ይቀዘቅዛል። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የአካባቢውን ውኃ የሚከተል በመሆኑ ውኃው ሲቀዘቅዝ የምግብ መፈጨትም ሆነ በሽታን የመከላከል ኃይል ይዳከማል። ስለሆነም ቴርሞሜትርና ለገንዳ የተሠራ ማሞቂያ ያስፈልጋሉ፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ምግብን መቀነስ ነው። ቤታ ነፍሳትና ዕጭ የሚበላ ዓሣ እንጂ የዳቦ ፍርፋሪ የሚስማማው አይደለም። ሆዱ ለተነፋ ዓሣ ከ1 እስከ 3 ቀን መጾም ራሱ ሕክምና ነው።

አራተኛው ጨው ነው። የጣፋጭ ውኃ ዓሣ የሰውነቱ ፈሳሽ ከአካባቢው ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ በኦስሞሲስ ያለማቋረጥ ውኃ ይገባበታል፤ ኩላሊቱም ሲያስወጣ ይውላል። ለአንድ ሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ንጹሕ ጨው ለብቻው አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ይህን ሸክም ያቀላል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም ናይትራይት በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ጨው እንደ ውኃ ስለማይተን፣ በትነት የጎደለው ሲሞላ ዳግመኛ ጨው አይጨመርም።

መድኃኒት የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሽታው ሲለይ ነው። ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ በገንዳው ውስጥ መበተን ትርፉ ጉዳት ነው። መድኃኒቱ በውኃው ካለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ተጣብቆ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አሞኒያ የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል፤ መድኃኒት የሚቋቋሙ ተሕዋስያን እንዲበዙም መንገድ ይከፍታል።

ለአስታማሚው

ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ ባክቴሪያ ከታመመ ዓሣና ከገንዳ ውኃ በቆዳ ቁስል በኩል ወደ ሰው ሊተላለፍና ለረጅም ጊዜ የማይድን እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እጁ የቆሰለ ሰው ጓንት ሳያደርግ ገንዳ ውስጥ እጁን አያስገባም፤ ማንኛውም ሰው ከሥራው በኋላ በሳሙና ይታጠባል። የታመመም ሆነ የሰለቸንን ዓሣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ለአገር በቀል ዓሦች አዲስ በሽታና አዲስ ተፎካካሪ ማምጣት ስለሚሆን ፈጽሞ አይገባም።

በደንብ የተያዘ ቤታ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይኖራል። የኬሚስትሪ ተማሪ ፒ ኤችን፣ የባዮሎጂ ተማሪ ኦስሞሲስን ከመማሪያ መጽሐፉ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቤታ ክንፉን አጥፎ ከገንዳው ግርጌ ሲተኛ ያንኑ ዕውቀት በቅድሚያ በውኃው ላይ ቢጠቀምበት፣ ብዙውን ጊዜ ዓሣው በሕይወት ይቆያል።