ጣት ሳያብጥ ደም የሚናገረው

በእኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ቁርጥማት ይባላል፤ አለዚያም ሪህ። ብርድ መታኝ የሚለውም፣ በዕድሜ ጉልበቱ የደከመውም፣ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ጣቶቹን የሚያጠቃውም በአንድ ስም ይጠራሉ። የዚህ የሦስተኛው በሽታ ስም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ሕክምናው ከሌሎቹ ይለያል፤ ከዘገየ በሽታው አጥንት ይበላል፣ ጣት ያጣምማል። ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ግን ቶሎ እንዲታወቅ ይረዳሉ። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ታሪኩ ከበግ ደም ይነሣል። ኖርዌጃዊው ኤሪክ ዋለር በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የሩማቶይድ ሕመምተኞች የደም ፈሳሽ አንቲቦዲ የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን የተቀቡ የበግ ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ ያጣብቃል። የሚያጣብቃቸው ያንን አንቲቦዲ የሚይዝ ሌላ አንቲቦዲ ነው፤ ዘበኛ ዘበኛን ሲይዝ እንደማለት። ዛሬ ሩማቶይድ ፋክተር የምንለው እሱን ነው። ችግሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሄፓታይተስ ሲ ባለበት ሰው፣ አንዳንዴም በጤነኛ አዛውንት ደም ውስጥ ይገኛል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ቀጣዩን ግኝት ነው። ፕሮቲንን በተርታ እንደተጻፉ ፊደሎች አስቡት። «ስም» ከሚለው ቃል «ስ»ን ወደ «ሰ» ብትለውጡ «ሰም» ይሆናል፤ ለውጡ ትንሽ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ። ብግነት ባለበት ቦታም አንድ ኢንዛይም በፕሮቲኑ ላይ አርጂኒን የተባለውን ፊደል ሲትሩሊን ወደሚባል ሌላ ፊደል ይለውጠዋል። በሩማቶይድ ሕመምተኞች ሰውነት ውስጥ መከላከያው ይህን የገዛ ፕሮቲኑን ባዕድ ነው ብሎ ይነሣበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ቁልፉ ሲትሩሊን መሆኑን አሳዩ፤ አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ከዚያ መጣ። ምርመራው የሚፈልገው አንቲቦዲ ከተገኘ ከሩማቶይድ ፋክተር ይበልጥ ይታመናል።

እዚያው ኔዘርላንድ፣ ደም ለግሰው ከዓመታት በኋላ የታመሙ 79 ሰዎች ተቀምጦ የቆየ ደማቸው ተመረመረ። በግማሽ ያህሉ ውስጥ ከሁለቱ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ ሕመሙ ሳይጀምር ታይቷል፤ አንዳንዱ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ!

ሁለቱም ምልክቶች የማይገኙባቸው ሕመምተኞች ግን ጥቂት አይደሉም። ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ብግነት መኖሩን እንጂ ምንጩን አይናገርም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከጥቂት ደም በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ባንዴ እየለኩ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ የሚያጠኑት። የእኔም ተስፋ እዚያ ነው፤ የደም ምርመራው ምንም አላሳየም ተብለው የሚንከራተቱት ሁለቱም ምልክቶች የማይገኙባቸው ሰዎች ናቸውና።

እስከዚያው ግን የደም ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የአውሮፓ ሐኪሞች ባወጡት መመዘኛ በሽታው ነው ለማለት ከ10 ነጥቦች ቢያንስ 6 ያስፈልጋሉ፤ ከደም የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። የቀረውን የሚሞላው በዋናነት ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው መገጣጠሚያ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻችሁ ደርቀው ለመፍታታት አንድ ሰዓት ከፈጁ፣ እብጠቱም ሳምንታት ከዘለቀ፣ ቁርጥማት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሂዱና እጃችሁን አሳዩ።