የቱ ይቅደም?

ፊልም መርጦና አሰናድቶ ለተመልካች ማቅረብ ሥራዬ ነው። «የፖርቱጋል ሲኒማ ሳምንት እናዘጋጅ» ብሎ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ዝርዝር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከየዘመኑ አንድ ስም ያለው ፊልም፣ ከማኖኤል ደ ኦሊቬይራ ሁለት፣ ማሳረጊያው ፔድሮ ኮስታ። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ፊልሞቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ተመልካቹም ሰኞ ያየውን ሐሙስ አያነሣውም። ሌላው የተለመደ ርዕስ «ሲኒማ በአምባገነን ሥር» የሚለው ነው። አምባገነኑ ሳላዛር በ1933 ያቆመው ሥርዓት እስከ ሚያዝያ 1974 ስለዘለቀ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ርዕሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱን ፊልም የክስ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ማስረጃ ሊያይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሰዎቹን ፊት አያይም።

ስለዚህ ጭብጥ ስፈልግ የምጀምረው ከሥራ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰዎች ምን ሲሠሩ ይታያሉ? ፖርቱጋል ላይ መልሱ ቅርብ ነው፤ ባሕር ይወጣሉ። ለእኔ ሥራም ይመቻል። የሊዝበኑ የፊልም ተቋም ሲኒማቴካ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን የገንዘብ ድጋፍ ከባሕር ጋር የተያያዙ ፊልሞችን ወደ ዲጂታል ሲያዛውር ስለቆየ፣ ድሮ ቅጂያቸው ቡሴላስ ካለው የተቋሙ የፊልም ቤተ መዛግብት የማይወጣ ሥራዎች ዛሬ በየአዳራሹ መታየት ይችላሉ።

ዳይሬክተሩ ሌይታዎ ደ ባሮስ በ1930 በናዛሬ የባሕር ዳርቻ ድምፅ አልባውን «ማሪያ ዶ ማር» ሲሠራ ተዋናዮችን ከአካባቢው ሰው ጋር ቀላቀለ። በ1942 በፖቮዋ ደ ቫርዚም በሠራው «አላ አሪባ» ግን ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ይተውናሉ። ፊልሙ በዚያው ዓመት ቬኒስ ላይ ተሸልሟል። ሰውየው ለሥርዓቱ ቅርብ ነበር፤ ሥርዓቱም ድሃ፣ ጨዋ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለውና ማዕበል የማይበግረው ዓሣ አጥማጅ ማየት ደስ ይለው ነበር። ይህን አውቆም ቢሆን ጀልባዎቹ ከማዕበሉ ጋር ሲታገሉ ልቡ የማይሰቀል ተመልካች አላጋጠመኝም። ታዲያ ከመጋረጃው ፊት ቆሜ «ይህ ፕሮፓጋንዳ ነው» ብዬ ማስጠንቀቅ ይገባኛል? አልወድም። ወዲያው ከጀርባው አንቶኒዮ ካምፖስ በ1961 በአልጋርቭ የቱና አጥማጆችን የቀረጸበትን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ፊልም አስከትላለሁ። ካምፖስ ፊልምን በራሱ አቅም የሠራ የሌይሪያ ሰው ነው፤ ጀግና አይፈልግም። ካሜራው መረብ የሚጥለውን፣ ገመድ የሚስበውን፣ ከከባዱ ዓሣ ጋር የሚታገለውን ሰው ይከተላል። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ የፖቮዋዎቹን ጸሎትና ክብር በራሱ ይመዝነዋል፤ የእኔ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም።

ከካምፖስ ቀጥሎ የማሳየው የፓውሎ ሮሻ «ሙዳር ደ ቪዳ» ነው፤ 1966። አደሊኖ በአፍሪካ ከነበረው ጦርነት ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደሩ ወደ ፉራዶሩ ይመለሳል፤ የሚወዳት ሴት ወንድሙን አግብታ ትጠብቀዋለች። የካርሎስ ፓሬዴሽ ጊታር አብሮ ይሄዳል። በአንድ ምሽት ውይይት ላይ ወታደር የነበሩ አባት ተነሥተው «ስትመለስ ቦታህ ተይዟል፤ ማንም ግን አልበደለህም። የሚከብደው እሱ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ የሚናገር ሰው ጠፋ፤ ሁሉም የራሱን መመለስ ያወራ ጀመር። እኔም ዝም አልኳቸው፤ መድረክ መሪ ማወቅ ከሚገባው ነገር አንዱ መቼ ዝም እንደሚባል ነው።

የዚህ ፊልም ንግግሮች የገጣሚው የአንቶኒዮ ሬይስ ናቸው። ያው ሬይስ ከማርጋሪዳ ኮርዴይሮ ጋር ሆኖ በ1976 «ትራዝ ኡዝ ሞንትስ»ን ሠራ። በፊልም ትምህርት ቤት ካስተማራቸው አንዱ ፔድሮ ኮስታ ሲሆን፣ ኮስታ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሮሻን ፊልም እድሳት በበላይነት ተከታትሏል። በአሥር ዓመት በአሥር ዓመት የተከፋፈለ ዝርዝር እነዚህን ሰዎች በየሣጥኑ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ከዓሣ አጥማጆቹ የተነሣ ሰው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ዝምድናቸውን ያገኛል።

ለጠፉት ፊልሞችም ቦታ እተዋለሁ። ባርባራ ቪርዢኒያ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለች የሠራችው «ትሬስ ዲያስ ሴም ደውስ» በ1946 በመጀመሪያው የካን ፌስቲቫል ታይቷል፤ ዛሬ የቀረው ቁርጥራጭ ነው፣ ያውም ድምፅ የለውም። የፋሪያ ደ አልሜይዳ «ካተምቤ» በሎሬንሱ ማርኬሽ፣ በዛሬዋ ማፑቶ፣ ስላለው የየዕለት ኑሮ በ1965 የተሠራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለው የዓሣ አጥማጆች ሠፈር ነው። ሳንሱር 103 ቦታ ላይ ቆረጠው፤ ከመቀስ የተረፈውንም አገደው። እነዚህን ሳሳይ ሙዚቃ ጨምርበት፣ ተራኪ አስገባበት የሚለኝ አይጠፋም። አላደርገውም። የቪርዢኒያ ሰዎች ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፃቸው ሳይሰማ ሲቀር አዳራሹ ይቁነጠነጣል፤ ይቁነጥነጥ። ክፍተቱ በጎረቤት ፊልም ፊት ለፊት ካልታየ፣ በወረቀት ላይ «ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳስብም።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረኝ ግን ሁለት ፊልሞች አብረው የሚታዩበት የመጨረሻው ምሽት ነው። «ትራዝ ኡዝ ሞንትስ» የወጣበት 1976 የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የወጣበትም ዓመት ነው። ሁለቱም አገሮች በ1974 አሮጌ ሥርዓታቸውን ጥለዋል፤ ሊዝበን በሚያዝያ፣ አዲስ አበባ በመስከረም። ሁለቱም ፊልሞች በ16 ሚሊ ሜትር ተቀርጸዋል፤ የእኛው በጥቁርና ነጭ፣ የእነሱ በቀለም። በሁለቱም ገበሬዎች ራሳቸው ካሜራ ፊት ይቆማሉ። በፖርቱጋሉ፣ አባቶች ተሰደው እናቶችና ልጆች በቀሩበት ተራራማ አገር፣ ሕጉ ሩቅ ባሉ ሰዎች እጅ እንደሆነና የሚተዳደሩበት እንደማያውቁት የሚናገር የካፍካ ጽሑፍ በሚራንዳ ገበሬዎች ቋንቋ ይሰማል። በኃይሌ ፊልም ሕጉ ሩቅ አይደለም፤ ባለርስት ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ መሬቱን የተነጠቀው ገጸ ባሕርይ፣ ከበበም፣ በየቀኑ ያየዋል።

ሁለቱ ተደምረው ከአራት ሰዓት ያልፋሉ፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዋዛ አይደለም። እኔ የፖርቱጋሉን አስቀድማለሁ። የኃይሌን ፊልም ያየ ሰው፣ በተለይ ሐበሻ ከሆነ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ስለ መሬት ክርክር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሬይስና የኮርዴይሮን ዝግታ የሚታገስ ልብ አይኖረውም። አብሮኝ የሚሠራው ፕሮጀክሽኒስት ግን አይስማማም። ቁጣውን አስቀድመህ አስወጣላቸው፣ ደክሟቸው ሲቀመጡ ነው ተራራውን የሚያዩት ይላል። ለሚቀጥለው ዙር በእሱ ቅደም ተከተል ልናሳይ ተስማምተናል፤ የዕረፍቱን ሰዓት ብቻ አስረዝሜዋለሁ።