የጥበብ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፦ የማታር ተማሪ ምን ሊማር ይገባዋል?

የኑዌር ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ የወንዝ ዳር ጭቃ እያቦኩ በሬና ላም ይሠራሉ፤ ቀንዱን ያሾላሉ፣ ሻኛውን ከፍ ያደርጋሉ፣ በረት አጥረው መንጋውን ያስገባሉ። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይህን የልጆች ጨዋታ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። በኑዌር ዞን በዋንቱዋ ወረዳ በምትገኘው ማታር ያለ ልጅ ይህን ችሎታውን ይዞ 1ኛ ክፍል ሲገባ፣ የትምህርት ሰሌዳው አንድ የትምህርት ዓይነት ይጠብቀዋል፦ የክወናና የእይታ ጥበባት። ብዙ ወላጆች ግን ልጃቸው ይህን ትምህርት የመማር መብት እንዳለው አያውቁም።

«ክወና» የሚለው ቃል በተመልካች ፊት የሚቀርበውን ጥበብ፣ ማለትም ዜማን፣ ውዝዋዜንና ትወናን ይመለከታል። «የእይታ ጥበብ» ደግሞ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የእጅ ሥራን ይይዛል። በ2013 ዓ.ም በተዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ መሠረት የትምህርት እርከኑ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተብሎ ተከፍሏል፤ የጥበብ ትምህርትም በአንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ በመካከለኛ ደረጃ ደግሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ይሰጣል። ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በነበረው ሥርዓተ ትምህርት በታችኞቹ ክፍሎች ሙዚቃና ሥዕል ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዳብለው ይሰጡ ነበር። መለየታቸው በጎ ነው። ተዳብለው በቆዩበት ዘመን ኳስ ያለበት ትምህርት ቤት ኳስ አስጫውቶ ክፍለ ጊዜውን መጨረስ ይችል ነበርና።

በታችኞቹ ክፍሎች ትምህርቱ በጨዋታ ያመዝናል፤ ልጁ ይዘምራል፣ ያጨበጭባል፣ ያያቸውን እንስሳት ይስላል፣ በጭቃ ይሠራል። ከፍ ሲል የራሱን ሥራ መፍጠር ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሥራ ተመልክቶ ውበቱን መመዘን፣ የጥበቡን ታሪካዊና ባህላዊ መነሻ ማወቅ፣ ከሌሎች ትምህርቶችና ከኑሮ ጋር ማያያዝም ይጠበቅበታል። ስለዚህ በ7ኛ ክፍል ያለ ተማሪ «ዘፈን ዘፍኜ መጣሁ» ቢል ትምህርቱን ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ዘፈኑ መቼ እንደሚዘፈን፣ ለምን እንደሚዘፈንና ከጎረቤት ብሔረሰብ ዜማ በምን እንደሚለይ ማስረዳትም አለበት።

ማታርን በቀጥታ የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍትን የማዘጋጀት ሥልጣን የክልሎች ሲሆን፣ ጋምቤላም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በኑዌር፣ በአኝዋሃና በመዠንግር ቋንቋዎች ያስተምራል። በመሆኑም በጥበብ ክፍለ ጊዜ የሚነሳው ምሳሌ የግድ ማሲንቆና ክራር መሆን የለበትም። በጣት የሚነካው ቶም በኑዌርም፣ በአኝዋሃም፣ በመዠንግርም ዘንድ የታወቀ መሣሪያ ነው። ወጣቱ ለሚወደው በሬ የሚገጥመው ውዳሴ፣ የዶቃ አደራደር፣ የቅል ላይ ቅርጽ፣ የከብት ቀለማትን አንድ በአንድ ለይቶ የሚጠራው የኑዌር ቋንቋ ሀብት ሁሉ ለመምህሩ የተዘጋጀ የማስተማሪያ ቁሳቁስ ነው። የሃንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት አስቀድሞ በራሱ ሕዝብ ዜማ ነው በማለት ያገሩን የሙዚቃ ትምህርት በዚሁ መንገድ ቀርጿል፤ ሐሳቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከማስተማር ጋር አንድ ነው።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። በጥበብ የሠለጠነ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜው ትርፍ ሰዓት ላለው መምህር ይሰጣል፤ ፈተና ሲቃረብም ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ማካካሻ ይውላል። 40 ደቂቃው በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይቀራል፣ በውጤት ካርዱ ላይም ቁጥር ይሞላበታል። ወላጅ ካልጠየቀ የጎደለውን ማንም አያነሳውም። በሰሌዳው ላይ ያለው ክፍለ ጊዜ በእርግጥ ተሰጥቷል ወይ፣ ውጤቱስ ከምን ሥራ ተገኘ ብሎ ለመጠየቅ የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አሉ። የጭቃና የቅል ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዜማና የከበሮ አመታት የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶችም በየመንደሩ ይገኛሉ። በመምህሩ መሪነት አንድ አዋቂ ለአንድ ክፍለ ጊዜ መጋበዝ ይቻላል። ምዘናውን መስጠት ግን የመምህሩ ድርሻ ሆኖ ይቀጥላል።

በበጋ ከብት ተከትሎ ወደ ወንዝ ዳር የሚወርድ ልጅ ጉዳይም አለ። ሒሳቡ ሲያመልጠው እውነትም ያመልጠዋል። ጥበቡ ግን በሰፈሩ ይጠብቀዋል፤ ማታ ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። ልጁ ሲመለስ የሰማውን ዜማ እንዲያቀርብ፣ ያየውን እንዲስል ማድረግና ለዚያ ሥራ ውጤት መስጠት ከተከታታይ ምዘና መንፈስ ጋር ይስማማል። ከክፍል ርቆ የከረመን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብሎ ከኋላ ከማስቀመጥም ይሻላል።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ጥበብ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጥ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ አይቀጥልም፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የጥበብ ወረቀት የለም። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አመልካቾችን በተሰጥኦ ፈተና ይመዝናሉ። ከማታር የሚነሳ አመልካች በመደበኛው ትምህርት ለዚያ ፈተና የሚዘጋጅበት ጊዜ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ክፍለ ጊዜ ነው።