ስለ ታደሰ ኮምፒዩተር ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ለልጆች ትምህርት፣ ለቤት ሒሳብና ለደብዳቤ ሥራ ኮምፒዩተር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለክቡራን አንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። የአዲሱ ዋጋ ግን ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ብዙ ቤተ ሰብ አገልግሎ የታደሰውን ፈልጎ ይገዛል። ይህም ቁጠባን የሚያውቅ ሰው ሥራ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነገር ግን በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይና ሳያስኬዳት ገንዘቡን እንደማይቈጥር ሁሉ፣ የታደሰ ኮምፒዩተር የሚገዛም ሰው አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ገዝቶ ቤቱ ካስገባም በኋላ፣ ዕቃው እንቢ ያለው እንደ ሆነ «ሞቷል» ብሎ ከመፍረዱ በፊት በሥርዓት መጠየቅ አለበት። በትንሽ ምክንያት ተጥሎ የቀረ ደኅና ዕቃ ብዙ ነውና፣ ዛሬ በዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በቁራጭ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር የሚባለው በአንድ ፋብሪካ ተጠናቆ የወጣው ሳይሆን፣ ባለሙያ ልዩ ልዩ ክፍሎችን መርጦ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያዋሐደው ነው። ከክፍሎቹም ማዘርቦርድ ሁሉ የሚያያዝበት ሰሌዳ ነው፤ ፕሮሰሰር ያሰላል፤ ራም በሥራ ጊዜ ብቻ ያስታውሳል፤ ዲስክ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ያስቀምጣል፤ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ለየክፍሉ ያካፍላል። የእነዚህ ሁሉ ዕድሜ አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ሻጩን ስለ እያንዳንዱ መጠየቅና መልሱን ከዋስትናው ጋራ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ መልካም ነው። በሱቁም ውስጥ አስከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ማየት ይገባል።

ስለ ዊንዶውስም መጠየቅ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ አሮጌ ፕሮሰሰሮችንም አይቀበልም። ዕቃው ይህን የማያሟላ ቢሆን ያለ ክፍያ የሚገኘውን ኡቡንቱን መጫን ይቻላል። ለምቾት ግን ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዐይነት ቢሆን ይመረጣል።

ዕቃው ቤት ከደረሰ በኋላ ፀሐይ በማይመታው፣ አቧራ በማይበዛበትና በጀርባው ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጥ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኀይላቸው ዝቅ ካለበት እንደ አሜሪካ ካለ አገር የመጡ አንዳንድ ዕቃዎች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ቍጥር ያለበት ትንሽ መቀያየሪያ አላቸው። ይህ መቀያየሪያ 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሳይሰካ በፊት 230 ላይ መሆኑን በዐይን ማረጋገጥ ግድ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ግን ሁለቱንም በራሱ ይቀበላል።

ከዚያም ኪቦርዱ፣ ማውሱና የስክሪኑ ገመድ ይሰካሉ። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የገባለት ኮምፒዩተር በጀርባው ሁለት ዐይነት የስክሪን መሰኪያ ሊኖረው ይችላል። ገመዱ መሰካት የሚገባው በካርዱ ላይ ሲሆን ብዙ ሰው በማዘርቦርዱ ላይ ይሰካውና ስክሪኑ ጨለማ ሲሆንበት ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ነገር በውስጡ እንዳለ ይታሰብ። ስለዚህ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውሱ ከማይክሮሶፍት ከራሱ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ተወስዶ እንደ አዲስ ቢጫን ይሻላል። የሰው ምስጢር በቤታችን አይቀርም፤ ተደብቆ የሚጐዳ ፕሮግራምም ቢኖር ይጠፋል።

እንግዲህ ዕቃው እንቢ ቢል ምን እናድርግ? መልካም ዳኛ ምስክሮችን አንድ በአንድ ይሰማል እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አያናግርም። በዚህም ሥራ እንደዚሁ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ዋናው ሕግ ነው። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ዕቃው ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን?

ቍልፉ ሲጫን ምንም የማይንቀሳቀስ ቢሆን፣ በመጀመሪያ ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ይፈተን፤ ቀጥሎ ዲቫይደሩ፣ ከዚያም ገመዱ፣ ከዚያም በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ይታይ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን፣ የስክሪኑ ገመድና የስክሪኑ የራሱ ማብሪያ ይመርመር። ይህ ደኅና ከሆነ ራሙን እንጠረጥራለን፤ መንገድ ሲያናውጠው ከስፍራው ፈቀቅ ይላልና። ኤሌክትሪኩ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የተረፈው ኀይል እንዲወጣ የማስነሻው ቍልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫን። ሣጥኑን የሚከፍተውም ሰው በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ክፍሎቹን እንዳይጐዳ የሣጥኑን ብረት በእጁ ይንካ። ራሙም ተነቅሎ ቀጥ ብሎ ቀጭ እስኪል ድረስ ተመልሶ ይግባ። ሁለት ከሆኑ በየተራ አንድ አንዱን መሞከር ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ጉድለቱን በአጫጭር ድምፅ ይናገራል፤ የድምፁም ትርጓሜ በመመሪያ መጽሐፉ ይገኛል።

ጥቂት ሠርቶ በራሱ የሚጠፋ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ፋኑ መዞሩም ይታይ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት በዘመን ብዛት ስለሚደርቅ፣ ባለሙያ ጠርጎ አዲስ ቢቀባው ብዙ ጊዜ ዕቃው ይድናል። በየጊዜው ያለ ምክንያት የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ በውስጡ የራም መመርመሪያ ስላለው በእርሱ ይፈተን።

በተከፈተ ቍጥር ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ቢሆን አያስደንግጥ። ይህ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ማለቋን የሚያመለክት ሲሆን፣ በጥቂት ገንዘብ ትለወጣለች። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ብዙ የኢንተርኔት ገጾችን «ደኅና አይደሉም» እያለ ስለሚከለክል፣ ሰው በከንቱ ኢንተርኔቱን ሲወቅስ ይኖራል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማ ግን ሌላው ምርመራ ሁሉ ይቈይ፤ ጊዜ ሳይባክን በውስጡ ያለው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ለምክንያቱ ስንጨነቅ ዲስኩ ጨርሶ ቢሞት፣ የዕቃው ዋጋ ይተካል፤ የልጅ ጥምቀት ወይም በሕይወት የሌለ የአባት ፎቶግራፍ ግን አይተካም። ስለዚህ የቤተ ሰቡ ነገር ሁልጊዜ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ስፍራ እንዲቀመጥ አጥብቀን እንመክራለን። የታደሰ ዕቃ ዲስክ ስንት ዓመት እንዳገለገለ አይዘነጋም።

አንድ ነገር ግን በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነካም፤ ይኸውም የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን ነው። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ በውስጡ ሰውን የሚጐዳ ኤሌክትሪክ ሊቈይ ስለሚችል፣ ማንም በቤቱ ሊከፍተው አይገባም፤ ቢበላሽ ሙሉውን መለወጥ ነው። የማቃጠል ሽታ ወይም ጢስ ቢታይም ወዲያው ከሶኬት ተነቅሎ ለባለሙያ ይሰጥ። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ዕቃው እንዳይጐዳ የሚችል ሰው ዩፒኤስ ይግዛለት፤ የማይችል መብራቱ እስኪጸና ገመዱን ነቅሎ ይጠብቅ።

በመጨረሻም ይህን ሥራ አባትና እናት ብቻቸውን አይሥሩት። ወንድም ሴትም ልጆች በአጠገብ ቆመው፣ የተሞከረውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ። ዕቃው ለባለሙያ መሄድ ቢኖርበት እንኳ ያ ደብተር የባለሙያውን ድካምና የቤቱን ወጪ ይቀንሳል። ልጆቹም ከዚህ የሚያተርፉት የኮምፒዩተር ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ሳይመረምሩ በዕቃም ሆነ በሰው ላይ አለመፍረድን ከወላጆቻቸው ይማራሉ።